በጠጠር የሚጣራው ልጄ

እኛ ሰፈር ሰው ደጅ ሲደርስ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይመለስለታል። ትንሹ ልጄ ግን ጠጠር ነበር የሚወረውረው። ጣሪያው ቋ ሲል መምጣቱን እናውቃለን። ድምፅ አልነበረውም፤ ሲያወራ የሚወጣው ሹክሹክታ ነው፣ ሲሮጥ ደግሞ ትንፋሹ ያፏጫል።

አማቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው አስቆረጡት። እንጥሉም ሄደ፣ ድምፁም አልመጣ። በኋላ ከአጋሮ ጅማ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ጉሮሮውን በመሣሪያ አይታ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ኪንታሮት በቅሏል አለችኝ። ኪንታሮት እጅ ላይ እንጂ ጉሮሮ ውስጥ ይበቅላል ብሎ ማን ያስባል? አስተኝተው አነሱለት። ተመልሶ በቀለ። ደግሞ አነሱለት፤ ደግሞ በቀለ፣ እንደ ቡና ሥር አረም።

ያኔ አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እለያለሁ። የልጁ ትንፋሽ ሲጠብ ሥራውን ጥዬ ወደ ጅማ። መንገዱ በተቃውሞ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ እሱን አዝዬ፣ የሚነድ ጎማ እየዞርኩ በእግሬ። ደከመኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጸለይ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሟን «ከየት መጣበት?» አልኳት።

«ሲወለድ ነው። ቫይረሱ ከእናት ይተላለፋል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ብዙ ሴት ሳታውቀው አለባት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

አላጠፋሽም መባሉ መች ይበቃል! ከጡቴ በፊት በሽታ ሰጠሁት ብዬ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ሐኪሟ ተከትላኝ መጥታ ሴት ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። «ዐሥራ አራት የሞላት አለችኝ» አልኳት።

«ለማህፀን በር ካንሰር ብለው በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡት ክትባት ይህንንም ይከላከላል» አለችኝ። «እሱን አያድነውም። እሷ ነገ ስትወልድ ግን ልጇ ከዚህ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀድመው በጀመሩት አገሮች ይህ በሽታ ከሕፃናት ላይ እየጠፋ ነው።»

ቤት ስንደርስ ትንሹ ከሰፈር ልጆች ጋር ውጭ ቀረ። ትልቋ አልጋ ላይ ተኮራምታለች፤ ከታቢዎቹ በማግስቱ ትምህርት ቤታቸው ሊመጡ ነው። ጎረቤቴ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ወላሂ ማምከኛ ነው አሉ፣ እህቴ! ልጅቷን እንዳታስነኪ» አለችኝ።

ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ያን ቀን ጫማዬን ማውለቅ እንኳ አቅቶኛል። «እንደ ወደድሽ» ብዬ ተውኳት።

ጎረቤቴ ከሄደች በኋላ ጣሪያው ቋ አለ። ማናችንም አልተነሳንም። ሌላ ጠጠር፣ ከዚያም ሌላ። ትልቋ ዘላ ተነስታ በሩን ስትከፍተው ወንድሟ ትንፋሽ አጥሮት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። አቅፋ አስገባችው፤ እስኪረጋጋ ድረስ ጀርባውን ስታሽ ቆየች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክንዷን ይዛ ነበር። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ሆና አየቻት።

«ተወጋሽ? ምነው ልጄ፣ ምነው!»

«የእኔ ልጅ እንኳ በጠጠር አይጥራኝ» አለቻት፣ ወንድሟ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።