ቀትር ላይ የተኛ አንበጣ

የግቢያችን ተከራይ ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ዶሮ ማርባት ጀመረ። ጎሽ፣ እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ባልዲ ይዞ መጣና «እማማ ዘውዴ፣ ይችን ይዩልኝ» አለኝ። ባልዲው ሙሉ ትል! ነጭ፣ ወፍራም፣ እርስ በርሱ የሚተራመስ። ከስልኩ ላይ አይቶ የዶሮዎቹን መኖ ራሱ እያረባ ነው ለካ። እፍኝ ሙሉ ሲበትንላቸው ተረባርበው ከነሕይወቱ ዋጡት። አንዷ፣ ትሉ ከአፏ ጫፍ እየተወራጨ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትውጥ ሳይ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። የወልድያ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እኔን ግን በረደኝ። ልጁ ትል ያስጠላኝ መሰለው።

ትልስ ምን አደረገኝ! እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው።

ያደግሁት ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ካለች መንደር ነው። ኮረዳ ነበርሁ። ወሩ ጥቅምት፣ የማሽላው እሸት እየተጠበሰ ጥርሳችን የሚጠቁርበት ጊዜ። ታላቅ እህቴ የሺ ለመጀመሪያ ልጇ እናታችን ዘንድ መጥታ ወልዳለች። ብዙ ደም ፈሷት፣ መንምና፣ እህል አልወርድ ብሏታል። እናቴ «በዶሮ መረቅ ካላቆምኳት ትሞትብኛለች» እያለች አንዲት ገብስማ ዶሮ ታደልብላት ነበር።

በዚህ መሀል አንበጣ መጣ። ጣሳ እየቀጠቀጥን፣ ጅራፍ እያስጮህን ዋልን፤ ማን ሰምቶን! በነጋታው ገና ብርዱ እንዳደነዘዘው፣ ማሽላው ላይ ተለጥፎ ሳለ ለዶሮዎቻችን በጆንያ ለቀምነው። እናቴ ንዴቷ በሳቅ ወጣላት፤ «ማሽላዬን በላብኝ አይደል? ዶሮዬ ትበላዋለች፣ ዶሮዋን የሺዬ ትበላለች!» ዶሮዎቹ እግሩን እየሰባበሩ ሲውጡት ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግሥቱ ከመርሳ በኩል አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመላለስ አየን። መድኃኒት እየረጨ ነበር። የቀበሌ ሰው እየዞረ «አንበጣ እንዳትነኩ! ከብት እሰሩ!» ብሎ ለፈፈ። አባቴ ግን «ያ እነሱ ዘንድ ነው፤ እኛ ላይ መች ረጨ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኛ ላይ አልረጨም። አንበጣ ክንፍ እንዳለው ግን ማናችንም አላሰብንም።

ቀትር ላይ አዲስ መንጋ ከማሳችን ወረደ። አንበጣ ፀሐይ ከሞቀው እንኳን ሊይዙት አይጠጉትም፤ ይኼኛው ግን ተኝቷል። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቢያነሱት አይዘልም። እናቴ «እሰይ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ብላ ነጠላዋን ዘርግታ አፈሰችው። አንበጣውን ሲለቅሙ የሰነበቱት ወፎች ያን ቀን ከዛፍ አልወረዱም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገብስማዋ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች። ክንፏ ተንጠለጠለ፣ ለሃጯ ተዝረከረከ። «ፈንግል ያዛት!» አለች እናቴ፤ የዶሮ በሽታ ሲባል የምናውቀው እሱን ነው። «በክት ሳትሆን ቶሎ ቢላ!» አባቴ አማትበው ባረኳት። ሆድ ዕቃዋን ለውሻችን ለቡሬ ጣልንለት።

የሺን የመረቁ ሽታ አወዳት። ከመደቡ ላይ ሆና «እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ራበኝ» አለች። ራበኝ የሚለውን ቃል ከአፏ ከሰማን ስንት ጊዜያችን! እናቴ ደስታው እንባ አመጣባት። የሺ መረቁን ፉት ፉት አለች፤ ቆየት ብላም ልጇን አጠባች። እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቡሬ ደጃፉ ላይ ተዘርሯል። እግሩ እንደዚያ አንበጣ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ አታብሊያት!» እያልሁ ተመልሼ ገባሁ። አበስኩ ገበርኩ! የሺን ላብ አጥምቋት ሆዷን ይዛለች።

በቃሬዛ መርሳ ጤና ጣቢያ አደረሷት። እሷ ተረፈች። ልጅቷ ግን በማግሥቱ ጡት እምቢ ብላ ውላ አረፈች፣ ክርስትና እንኳ ሳትነሳ። ከወተቱ ይሁን አይሁን የነገረን የለም። የሺ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ቤቷ አላስገባችም። እኔም ያቺን ስም የለሽ ልጅ ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ሰው ዶሮዋ ምን እንደበላች ይጠይቅ ይሆናል፤ የተበላው ራሱ ምን በልቶ እንደነበር ማን ይጠይቃል?

ሀብታሙ ይኼን ሁሉ አያውቅም። እንቁላል በሰሃን ይዞ «ለአስቴር ነው፣ አራስ ናት ብዬ» አለኝ። አስቴር ልጄ ናት፤ እኔ ዘንድ ወልዳ ተኝታለች።

«ይኼ ትልህ ምን በልቶ ነው የሚያድገው?» አልሁት።

«ኧረ እማማ፣ ትል ምን ይመርጣል! ሰሞኑን ጓደኛዬ ከእህል መጋዘን ጥራጊ ያመጣልኛል።»

«እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው ምን ይነሰንሱበታል?»

ሳቁ ቆመ። «እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።»

«ጠይቀህ ና። እስክትመለስ እንቁላሉን የሚነካ የለም።»

ባጃጅ ይዞ ከነፈ። ገና አልተመለሰም። እንቁላሉ ሰሃኑ ላይ እንዳለ ነው፣ እኔም ከፊቱ ቁጭ ብያለሁ። አስቴር ከውስጥ ትጣራለች።

«እማዬ፣ ያን እንቁላል አትጠብሺልኝም? ራበኝ እኮ! ትናንት አንቺ ቅዳሴ ሄደሽ ሀብታሙ የሰጠኝ እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለሽ!»

ሕፃኑን እያጠባችው ነው።