ሰማያዊዋ ዓሣ ብቻዋን እንዳትበላ

መጀመሪያ ያየሁት መታከክ ነው። ትልቋ ክላውንፊሽ፣ ብርቱካንማ ሆና ሦስት ነጭ ቀበቶ ያላት፣ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር አሻሸች። አንዴ አሻሽታ ብትተው ልብ አልለውም ነበር። ተመልሳ አሻሸች። ቀርቤ ሳይ ጅራቷ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ አለ። ከሰዓት በኋላ አራት ሆነ። በማግስቱ መቁጠር አቆምኩ።

ይህን የምጽፈው የባሕር ዓሣ በቤታቸው ለሚያኖሩ ጥቂት ሰዎች ነው። አብዛኞቻችሁ ከዓረብ አገር የተመለሳችሁ ልጆች እንደሆናችሁ ልጄ አያልነሽ ነግራኛለች፤ ጻፊላቸው ያለችኝም እሷ ናት። ደብረ ታቦር ላይ የባሕር ዓሣ ማኖር እብደት ነው የሚል ካለ ደግሞ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከእነማን እንደሰማሁም አልረሳሁም።

ገንዳው የአያልነሽ ነው። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ አትናገርም ነበር። እዚያ የሆነውን እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ጉዳይ ነው። ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጠዋት ጠዋት አንድ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ ምሳዋን በሯ ላይ አስቀምጬላት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ። በልታለችና ትድናለች እል ነበር። ዘመድ አዝማድ ለይቶላታል፣ ጠበል ውሰጃት እያለ ሲመላለስ ደጄን ዘጋሁ። ከሁሉም በላይ የዘጋሁት በባለቤቴ እህት በይርገዱ ላይ ነው። ባለቤቴ ሞቶ ዓመት ሳይሞላው፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ልጄን ፓስፖርት ልታስወጣላት ባሕር ዳር ይዛት የሄደች እሷ ናትና። ይህን ይቅር አላልኩም።

በአምስተኛው ወር አያልነሽ ወረቀት ጠየቀችና ገንዳ ሣለች። በዚያ ቤት ግድግዳ የሚያህል የዓሣ ገንዳ ነበረ፣ የምታጸዳውም፣ ዓሣዎቹን የምታክመውም እሷ ነበረች። መስታወት ቆራጩ የሣለችውን አይቶ ሠራላት። ዓሣዎቹንና ልዩውን የባሕር ጨው አዲስ አበባ ለሆቴሎች የሚያስመጣ ሰው ላከልን። ከተመለሰች ወዲህ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር «የውሃው ሙቀት ስንት ሆነ?» የሚል ነው።

በዓመቱ ባሕር ዳር የሦስት ወር የዓሣ እርባታ ሥልጠና አገኘች። ከተመለሰች ወዲህ ብቻዋን ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ቆማ፣ «ዓሣዎቹ አንድ ነገር ከሆኑ ግን እመጣለሁ» አለችኝ። ከመጣች ሁለተኛ እንደማትወጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ እኔ የጠበቅኩት ዓሣ አይደለም፤ የልጄን መውጫ በር ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ ቀደም ብላ ያዘዘቻት ሰማያዊ ዳምሴል፣ ጣት የምታህል ዓሣ፣ መጣች። ትእዛዟ ግልጽ ነው። አዲስ ዓሣ አርባ ቀን ለብቻው ይቀመጣል። ጓዳ ውስጥ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕና መደበቂያ የሚሆን የቧንቧ ቁራጭ ያለው ፕላስቲክ ገንዳ አዘጋጅታ ነበር፣ እዚያ አስገባኋት። ምንም ነጥብ አልነበረባትም። በአሥራ አንደኛው ቀን እብናት ለቅሶ ነበረብኝና ቁልፉን አጥር ለምንጋራት ለይርገዱ ሰጠሁ፤ ሌላ ሰው ቢኖረኝ አልሰጣትም ነበር። ጠዋትና ማታ አንድ ቁንጥር ምግብ ብቻ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሰማያዊዋ ዓሣ ሳሎን፣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ፣ ከክላውንፊሾቹና አሸዋ ከምትቆፍረው ጎቢ ጋር ትዋኛለች።

«ማን ነው ያወጣት?»

«እኔ ነኝ» አለች ይርገዱ፣ መቀነቷን እያጠበቀች። «እንግዳ ጓዳ ዘግተሽበት ብቻውን ይብላ? ሌሎቹ እዚህ ተሰብስበው እየበሉ? አንጀቴ አልችል አለ።»

«ዓሣ እኮ ነው!»

«ዓሣስ ሆድ አይብሰውም? ይልቅ የአያል እናት፣ አንቺ ለብቻ ማስቀመጥ ለምዶብሻል።»

እንግዳን ብቻውን ማብላት እኛ ዘንድ ነውር መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ያልጠገበም ያልራበውም አብሮ እጁን ይሰዳል። ዓሣ ላይ ግን ይህ ደግነት በሽታ ማዛመት ነው። ከተመለስኩ በስድስተኛው ቀን ትልቋ ዓሣ መታከክ ጀመረች።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሁለት ቀን ደበቅኩ። ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ መድኃኒት ያደልኩ ሰው ነኝ፣ የዓሣ በሽታ አያቅተኝም አልኩ። ልጄ ከመጣች የሚል ፍርሃትም ነበረብኝ። በሁለተኛው ቀን ጎቢዋ ሞተች። ያ ሞት በይርገዱ አይሳበብም፤ የኔ ነው።

ሬሳዋን በብርጭቆ ውሃ ይዤ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና፣ «እትዬ፣ እኔ ዓሣ የማውቀው በዳጣ ነው» አለኝ። «ማይክሮስኮፑ ግን በግ ነው ዓሣ ነው ብሎ አይጠይቅም።» ከቆዳዋ ላይ ያለውን ልጋግ ፍቆ አየ፣ ከዚያ እኔም እንዳይ ቦታውን ለቀቀልኝ። ክብ፣ ዙሪያውን ፀጉር ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ነገር ነው። «ጥገኛ ነው። ስሙን ለሚያውቅ ሰው ይደውሉ፣ ዛሬውኑ።»

ለአያልነሽ ደወልኩ። አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ ቁጠሪልኝ። በደቂቃ ስንት ጊዜ የመተንፈሻ ስንጥባቸውን ይከፍታሉ?»

«ትልቋ መቶ ሃያ።»

«ትንሹ ክላውንፊሽስ?»

«መቁጠር አልቻልኩም።»

«ክሪፕቶካሪዮን ነው። ልምጣ?»

«አትመጪም። ንገሪኝ፣ እሠራዋለሁ።»

የነገረችኝን እናንተም ያዙት። ነጩ ነጥብ ቆዳ ሥር የገባ ጥገኛ ነው። ጠግቦ ሲወርድ ገንዳው ወለል ላይ ይጣበቅና ብዙ ሆኖ ተከፋፍሎ እንደገና ዓሣ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ነጥቡ ሲጠፋ ዳኑ ብሎ ሕክምና ያቆመ ሰው ዓሣዎቹን በሁለተኛው ዙር ይቀብራል። ሐኪሙ ለበግ ሰኮና የሚጠቀሙበት ኮፐር ሰልፌት ሰጥቶኝ ነበር፤ መመዘኛም መጠንም አውቃለሁ ብዬ ላደርግ ስል አያልነሽ ቆጣ አለች። «ውሃው ውስጥ ያለውን ኮፐር መለኪያ አለሽ? ከሌለሽ መርዝ ነው፣ እማዬ።» በሥራዬ እንዲህ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። ዋጥኩት። ልክ ነበረች።

ያደረግነው ጨው መቀነስ ነው። ሦስቱን ዓሣዎች ወደ ጓዳው ገንዳ አወጣሁ፤ ትልቁ ገንዳ ለሁለት ወር ተኩል ያለ ዓሣ እንዲቆም ተወሰነ፣ ጥገኛው የሚያርፍበት ሲያጣ እንዲያልቅ። በጓዳው ገንዳ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም የነበረውን ጨው በሁለት ቀን ውስጥ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ያሳደርኩትን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ ወደ አሥራ አራት አወረድኩት። ዓሣው ይችለዋል፣ ጥገኛው አይችለውም። በየሰዓቱ በሪፍራክቶሜትር፣ በጨው መለኪያው፣ ለካሁ። በዓይን አይገመትም።

ሰማያዊዋ በመጀመሪያው ቀን ሞተች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። የአየር ፓምፑ በባትሪ ይሠራል። ማሞቂያው አይሠራም። ከጉና ተራራ የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ይገባል። ሃያ አምስት ዲግሪ የነበረው ውሃ ሃያ ሦስት ሆነ። ከዚያ ሃያ አንድ። ትንሹ ዓሣ በጎኑ ተኛ። ገንዳውን በባና ጠቀለልኩት። ትኩስ ውሃ ያስፈልገኛል። ያለኝ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው። እንጨት የምታነድ ጎረቤት አንዲት ናት።

አጥሩ ላይ ቆሜ ጠራኋት። ቁልፉን ከነጠቅኳት በኋላ ያናገርኳት የዚያን ቀን ነው።

ይርገዱ ፍል ውሃ በጀበና ሳይሆን በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን፣ ክዳኑን እየዘጋን ገንዳው ውስጥ አንሳፈፍን። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላ። እስከ አሥር ሰዓት ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ላይ ግንባሯን ጠርጋ፣ «እንግዲህ ለዓሣ እሳት አነደድኩ። ይህን ለማን እነግረዋለሁ?» አለች።

«ለማንም» አልኳት።

መብራት ሲመጣ ትንሹ ቀና ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አሰልቺ ነው፣ መዳን ግን እንዲህ ነው የሚመጣው፦ በየቀኑ አሞኒያ እየለኩ ግማሹን ውሃ በተመሳሳይ ጨውና ሙቀት መቀየር፣ የተረፈውን ምግብ በትንሽ ቱቦ መምጠጥ፣ ለአያልነሽ ቁጥሮቹን በስልክ ማንበብ፣ እሷም ከክፍል ወጥታ አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ በሰባት ዓመትና በዚያ ዝምታ ውስጥ ያልሰማሁትን ያህል ድምፅ መስማት። ነጥቡ በዘጠነኛው ቀን ጠፋ፤ ከዚያ ቀን ጀምረን ሠላሳ ቀን ቆጠርን፣ ጨውንም በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልን መለስነው። አያልነሽ ሥልጠናዋን ጨርሳ ነው የመጣችው። አንድም ቀን አላቋረጠችም።

ሰማያዊዋን ማን እንዳወጣት በስልክ አልነገርኳትም ነበር። ፊቷን እያየሁ ልነግራት አስቀምጬው ነበር። ሁለቱ ክላውንፊሾች ወደ ትልቁ ገንዳ በተመለሱ ቀን ከነቃሏ ነገርኳት።

ሳቀች። «አክስቴማ እንዲህ ናት። እኔንስ መቼ ብቻዬን አበላችኝ?»

«መቼ አበላችሽ?»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ በጓሮ ትመጣ ነበር። አንቺ በር ላይ ያስቀመጥሽውን ሳህን አንስታ ትገባለች። ምንም አትጠይቀኝም። ታጎርሰኛለች፣ ትበላለች፣ ትሄዳለች። እንዳትነግሪያት፣ ታባርረኛለች ትለኝ ነበር።»

አምስት ወር ባዶ ሳህን እያየሁ አምላኬን አመሰገንኩ። የሳህኑን ግማሽ የበላችው ይርገዱ ናት። ተናደድኩ፤ አሁንም ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን እንደ በፊቱ እርግጠኛ አይደለሁም። የፓስፖርቱን ነገር ግን አልረሳሁትም።

ምክሬ አጭር ነው። አዲስ ዓሣ ጤነኛ ቢመስልም አርባ ቀን ለብቻው ይቀመጥ። ያልለካችሁትን መድኃኒት አትጨምሩ። ለመብራት መጥፋት ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ምልክት ስታዩ የዚያኑ ቀን ለሚያውቅ ሰው ንገሩ፤ እኔ ሁለት ቀን ደብቄ አንዲት ነፍስ ከፍያለሁ። ቁልፍ የምትሰጡት ሰው ደግሞ ምን እንዲያደርግ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነ ይወቅ። እኔ ለይርገዱ ቁንጥሩን እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

የከብት ሐኪሙን ስለ ማይክሮስኮፑ አመሰግናለሁ። ልጄን ስለ ቁጣዋ አመሰግናለሁ። ይርገዱን ስለ ስድስቱ ድስት አመሰግናለሁ፤ ስለ ሳህኑ ያለውን ገና አልነገርኳትም፣ አያልነሽ ይህን ታንብብላት።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰማያዊ ዳምሴል መጥታለች፣ ጓዳ ናት። ይርገዱ በምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ ትመጣና ገንዳው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ዱካዋን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩላት። እጇን ውሃው ውስጥ እንዳታስገባ ነግሬያታለሁ፣ ለምን እንደሆነም ጭምር።