በሁለት እጄ የተቀበልኩት ከዘራ

ቦንጋ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አሳዳጊ የበደላት እንዳልባል፣ ማታ ማታ የጋሽ ወልዴን ከዘራ በሁለት እጄ ተቀብዬ በሩ ጥግ አቆማለሁ። ጠዋት አልጋቸው በሽንት ርሶ ይገኛል። በቦንጋ ዝናብ ደግሞ አንሶላ ቶሎ አይደርቅም። ተማርሬ የማታ ሻያቸውን ከለከልኳቸው፤ እሱም አልሆን ሲል ዳይፐር አደረግኩላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው፣ ያን ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናቴን ላስታምም ዋጫ ሄጄ በሳምንቴ ስመለስ ዳይፐሩ ቀርቷል፤ አንሶላውም ደረቅ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምን መድኃኒት ተገኘ?» አልኳቸው።

«ተተኪሽ ከዘራዬን አትወስድብኝም። እሱን ተደግፌ ሽንት ቤት እደርሳለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንደዚያ አክብረሽ ስትቀበዪኝ እንዴት እምቢ ልበልሽ፣ ልጄ?»