የዘሐራ ኪኒን

ባለፈው ሳምንት ፔዳ ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማ ነበር። አንድ ሐኪም የአንጎልና የነርቭ ሕመም የዓለም ትልቅ የጤና ሸክም መሆኑን ያስረዳል። የሚጥል በሽታንም ጠራ። መድኃኒቱ ርካሽ ቢሆንም ብዙ ድሃ ታማሚ አያገኘውም አለ። እኛ ቤት ግን ተገኝቶ ነበር።

እህቴን ዘሐራን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ይጥላት ነበር። አባታችን ጣና ዳር ጀልባ ይሠሩ ነበር፤ ሐኪም ቤት የወሰዷትም እሳቸው ናቸው። ኪኒኑን ማታ ማታ መዋጥ ከጀመረች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጣላትም።

ከዚያ ከወረታ ሽማግሌ ተላከ፤ ሩዝ የሚነግዱ ደህና ሰዎች ናቸው። አባቴ እሺ አሉ፤ ሕመሙን ግን አልተናገሩም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሸኝቻት ጥቂት እንድሰነብት ታዘዝሁ። በመሄጃችን ዋዜማ አባቴ የመድኃኒቷን ጠርሙስ ከሻንጣዋ አውጥተው ሰጡኝ።

«አንተ ዘንድ ይሁን፤ ይይዝልሻል ብያታለሁ። ስትውጥ ካዩ ይጠይቃሉ። ድናለች እኮ።»

«ብትጠይቀኝስ፣ አባባ?»

«ጠፋብኝ በላት።»

ኅዳር ነበር። ፎገራ ላይ ሩዝ ይታጨዳል፤ በመኪናው መስኮት የጭቃና የገለባ ሽታ ይገባል። ዘሐራ የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ እሾሁን እየለቀመች አጎረሰችኝ።

በደረስን ማግስት ወደ ጓሮ ጠራችኝ። «ኪኒኔስ?»

«ጠፋብኝ።»

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «እሺ» አለች።

በስድስተኛው ቀን ወጥ ስታማስል ምድጃው ላይ ወደቀች። ስደርስ ሰው ከቧት ቆሟል፤ ይጋባል ብለው የሚነካት የለም። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይሞክራል። ጎትቼ አወጣኋት። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ ነበር። ጠርሙሱ ኪሴ ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማኛል።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አሉኝ አማቷ። ወር ሳይሞላ ባሏ ፈታት። አባቴ ነገሩን አንድም ቀን ሳያነሡ አረፉ።

ዘሐራ ዛሬ ፋሲሎ ሰፈር፣ እኔ ቤት ትኖራለች። መድኃኒቷን ራሷ ገዝታ ራሷ ታስቀምጣለች። ከሻይ ቤቱ ተመልሼ የሰማሁትን ስነግራት በግራ እጇ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

«ያኔ ጠፋብኝ ያልኸኝ፣ አባባ አዘውህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አውቄ ነበር» ብላ መክተፏን ቀጠለች።

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ስፈራው ኖሬ፣ ሲመጣ ምንም አልተሰማኝም። ያዘዙት እሳቸው መሆናቸው እውነት ነው። ጠርሙሱ ግን ስድስት ቀን ሙሉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ይህን አልነገርኋትም።