ጆሮዬ ውሃ የተፈቀደለት ቀን

«አንቺ፣ ይሄ ጆሮሽ ውሃ የሚፈቀድለት መቼ ነው?»

ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ እስከ አንገቱ ቆሞ። ከጅዳ ከተመለሰ ወዲህ ከውሃው አይወጣም። ዋና ላስተምርሽ እያለ በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ደግሞ ዳር ላይ ተቀምጬ እበግናለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ መግል ሲወርደው የኖረውን ጆሮዬን ደሴ ወስዶ ያሳከመኝ እሱ ነው። የተቀደደውን ታምቡር በቀዶ ጥገና ጠገኑት። ዶክተሩም «አይቼ ገጥሟል እስክልሽ ውሃ እንዳይገባው፤ ዋና የሚባል የለም» አለኝ። ፀጉሬን ስታጠብ በቫዝሊን የተለወሰ ጥጥ እወትፍበታለሁ። ለሶላት ውዱእ ሳደርግም ውጪውን ብቻ ነው የማብሰው።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«እና ድኗላ! ግቢ!»

«አያመኝም ማለት ድኗል ማለት አይደለም። ካልገጠመ ውሃው ውስጥ ይገባና መልሶ ይመግላል። ዶክተሩ ይየው።»

«ወላሂ፣ ተምረሽ ተመረቅሽና ፈሪ ሆንሽ!» ብሎ ውሃ ረጨብኝ። ጆሮዬን ከድኜ ሰደብኩት። እሱ ይስቃል።

መጠበቅ የሚባል ነገር አልወድም። ይሄን ግን ጠበቅኩ። ቀጠሮዬ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ።

አባባ መራመድ አይችልም። ወንድሜ «እኔ አብሬው እቆያለሁ፣ አብሽሩ» ብሎ እናቴንና እኔን ከሚሸሹት ጋር ሸኘን። ስንመለስ አባባ አልጋው ላይ ነበር። ወንድሜን ጎረቤቶች ቀብረውታል። ለአባባ መድኃኒት ሊፈልግ ወጥቶ ነው በጥይት የተመታው። ማን እንደተኮሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሁሉም «የአላህ ውሳኔ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ። ግን አቃጠለኝ።

የደሴው ሆስፒታል እንደገና ሥራ ሲጀምር እናቴ እየገፋች ላከችኝ። ዶክተሩ ጆሮዬን በመብራት አየና «በደንብ ገጥሟል። አሁን መዋኘት ትችያለሽ። ግን ወደ ታች አትጥለቂ፣ ከላይም አትዝለዪ። ካመመሽ ወይ ፈሳሽ ካየሽ ቶሎ ነይ» አለኝ።

አለቀስኩ። የደስታ መስሎት «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ።

ከመኪና ወርጄ ቤት አልገባሁም፤ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ሐይቁ ጋ ሄድኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። እያዩኝ ከነልብሴ እስከ ወገቤ ገባሁ። መዋኘት አልችልም፤ የሚያስተምረኝ የለም።

«ዛሬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዛሬ ተፈቀደለት፣ ወንድምዓለም።»