አባቴን ያገላበጥንበት ክረምት

ባለፈው እሁድ ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ መጥታ፣ «እማማ፣ የተግባር ፈተና አለብኝና ልለማመድብሽ» ብላ አልጋዬ ላይ አጋደመችኝ። እንግዲህ ሳይታመሙ መታመም ማለት ይሄ ነው። ጉልበቴን አጠፈች፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን ዳሌዬ ላይ አድርጋ ወደ ጎን አዞረችኝ። «ሰውነትሽን ልቀቂው እንጂ!» ትለኛለች ደግሞ። ለቀቅኩት። ፊቴ ወደ ግድግዳው ሲዞር አባቴ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ልጅቷ ያሳመመችኝ መስሏት ክው አለች።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ቆሟል። በዚያ ክረምት አባቴ የክር ጥቅል ተሸክሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጭቃው አንሸራተተውና ወገቡን ተጎዳ። ከሆስፒታል ሲመለስ ከወገቡ በታች አይታዘዘውም ነበር። እኔ ያኔ ትምህርቴን ገና የጨረስኩ ኮረዳ ነኝ። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ስለነበርን ማስታመሙ በእኛ ላይ ወደቀ።

ጎረቤት መቼም ይባረክ፣ ቤታችን ጠያቂ ጎድሎት አያውቅም። ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት በዚያ ጊዜ ከድርሻቸው ቀንሰው፣ አጥሚት አጣፍጠው የሚያመጡልን ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሰ ጋቢያቸውን በር ላይ አራግፈው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። አባቴ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ እነሱና ወደ በሩ አድርጎ ያጫውታቸዋል። ጨዋታ ያውቅበት ነበር። ግን ሁልጊዜ በቀኝ ጎኑ ነው።

አንድ ቀን ገላውን ስናጥበው እናቴ ጮኸች። ቀኝ ዳሌው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ወጥቶ ነበር። እሱ አይሰማውም። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤታችን መጥታ አየችው፤ ከዚያ ወደ ውጭ ጠርታን፣ «ይሄ አጥንት ከደረሰ ይገድላቸዋል። ቶሎ ቶሎ አገላብጧቸው። እንዳትጎትቷቸው ብቻ፣ ቆዳቸው ይላጣል» አለችን። ጋቢ አጣጥፈን ከሥሩ እንድናነጥፍ፣ እናቴ በዚህ፣ እኔ በዚያ ጠርዙን ጠቅልለን ይዘን እኩል እንድናነሳ አሳየችን። አባቴ ያየንና፣ «በእጄ የሸመንኩትን ጋቢ ቃሬዛ አደረጋችሁት?» ይለን ነበር።

ማንሳቱንስ ቻልነው፤ እሱን ግን አልቻልነውም። ወደ ግድግዳው አዙረን፣ ጀርባውን በትራስ ደግፈን፣ ጉልበቶቹ መሀል ጨርቅ አድርገን ገና ዞር ከማለታችን፣ የአልጋውን ጠርዝ በእጁ ጨምድዶ ይመለሳል። «ለሰው ጀርባ አይሰጥም» ይላል። ይሉኝታ ነው ብለን አመንነው፤ ማንም ቢሆን ያምን ነበር። እናቴ አልጋውን ከግድግዳው አርቃ የእንግዳ አግዳሚውን በዚያ በኩል ሸጎጠችው። ጠያቂዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አባቴ ግን ሰዎቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠውለት እንኳ አንገቱን ወደ በሩ ይጠመዝዝ ነበር። እነሱ ገና ከመውጣታቸው ደግሞ ተመልሶ በቀኙ ተኛ።

እናቴ በቃት። «የደሳለኝ አባት፣ አሁን ማን አለና ነው የምታፍረው? ልትሞትብኝ ነው እኮ!»

ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። «ልጄ ያን ሁሉ መንገድ ደክሞ መጥቶ፣ ጀርባዬን ያግኝ?» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ እንግዳ እያጫወተ በእነሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ በሩን ነበር የሚያየው!

በቀኝም በግራም ተኝቶ በሩን ማየት የሚቻልበት ቦታ ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ መሸመኛው የተተከለበት። ይነቀል ለማለት ድፍረቱ አልነበረንም፤ እንጀራችንም እሱ፣ የአባቴ ዕድሜም እሱ። ራሱ አየው። ብዙ አየው። «ንቀሉት» አለ በመጨረሻ። «ሲመጣ እሱ ይተክለዋል።»

ነቀልነው። ሲሸምን እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ በሳንቃ ከድነን አልጋውን ግርጌው ወደ በሩ እንዲሆን አዞርነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ልባችን ስናገላብጠው አንድ ቀን እምቢ አላለንም። አደይ ሲፈነዳ ቁስሉ መጥገግ ጀመረ።

አባቴ ብዙ ዓመት ኖረ። ባረፈ ጊዜ ገላው ላይ አንዲት ቁስል አልነበረችም፤ የገነዙት ሰዎች ተገርመው ነግረውናል። በዚህ እኮራለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ! ደሳለኝ ግን አልመጣም። መርዶም አልመጣ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «እና ማንንም ከማዞርሽ በፊት፣ ወዴት ማየት እንደሚፈልግ ጠይቂ» አልኳት።

«ይሄ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም፣ እማማ» አለች። ትራሱን ስታስተካክልልኝ ቆየችና፣ «አንቺንስ ወዴት ላዙርሽ?» አለችኝ።

ልስቅ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ወደ በሩ» አልኳት።