ለዛፉ የምትተው ፍሬ

በጃፓን፣ በጊፉ ተራሮች ሥር የሚኖሩት ፉሚዮ በጎረቤታቸው በኪኑኤ ዛፍ መቅናት ከጀመሩ አርባ ዓመት ሆናቸው። ካኪ የተባለው ፍሬ በእርሳቸው ጓሮ አፍ ያኮማትራል፤ በኪኑኤ ጓሮ ግን ማር ነው። በዚህ መከር ድቡ እንኳ የእርሳቸውን ዛፍ ንቆ የኪኑኤ ላይ ወጣ።

የመንደሩ ሹም «ደግሞ ከመጣ ይገደላል» አሉ። ፉሚዮ ግን፣ አዳኝ የነበሩት ባላቸው አንዲት እናት ድብ የገደሉ ዕለት የግልገሎቹን ልቅሶ ከሰሙ ወዲህ፣ የድብ አደንን አጥብቀው ይቃወማሉ። ስለዚህ ቅናታቸውን ዋጥ አድርገው፣ መሰላል ተሸክመው ወደ ኪኑኤ ሄዱ።

«ጉልበትሽ አያወጣሽም፤ ድቡን የሚጠራውን ፍሬ እኔ ልልቀምልሽ።»

«ለመቅመስ ሰበብ አገኘሽ!» ብለው ሳቁ ኪኑኤ።

«ድብ የወደደውን እኔ ምን ላደርገው!»

ሲመሻሽ ጫፍ ላይ አንዲት ፍሬ ብቻ ቀረች።

«እሷን ተያት! ከርሞም እንዲያፈራ ለዛፉ የምትተው ናት» አሉ ኪኑኤ።

ፉሚዮ ያ ዛፍ እንዲመክን ስንቴ ተመኝተዋል! አሁን ፍሬዋን የቆረጧት ግን ለድቡ ነፍስ ሲሉ ነበር። ከመሰላሉ ሳይወርዱ ገመጧት። እውነትም ማር ናት፤ ቅናታቸው እንደ አዲስ ነደደ።

«ከርሞም የምለቅመው እኔ ነኝ» አሉ ቁልቁል እያዩ። «አርባ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቅመሺ ሳትዪኝ፣ ለድብ ታበያለሽ!»